ለመቅበር ሦስት ቀን፣ ለማስታመምስ?

በዚህች ጋዜጣችን ላይ ስለ ምግብ ቤታችን ወጥ መቅጠን፣ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ መቀመጫ ማነስና ስለ ፈተና ውጤት መዘግየት ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ሁሉም ተገቢ ነበር። ዛሬ ግን የአንባቢ ፈቃድ ከሆነ፣ ከግቢው አጥር ወጣ ብለን ስለ ሌላ ጉዳይ ልንነጋገር እንወዳለን። ከግቢ እንውጣ ስንል ከራሳችን ጉዳይ እንራቅ ማለታችን አይደለም። የምንናገርበት ነገር ከመካከላችን አንዷን ከክፍል አስወጥቷታልና።

እኛ ይህን የምንጽፍ ተማሪዎች ከኮልፌ በየዕለቱ እየተመላለስን የምንማር ነን። ባለፈው ዓመት ስድስት ነበርን። ጠዋት ጠዋት አጠና ተራ ላይ ተቃጥረን፣ በአንድ ታክሲ ተጠጋግተን፣ ሒሳቡን በየተራ እየከፈልን እንሄድ ነበር። ዘንድሮ አምስት ነን። ስድስተኛዋ ጓደኛችን በትምህርቷ ከሁላችንም የምትሻል ነበረች። ይህን የምንለው ስለሌለች ልናሞግሳት ብለን ሳይሆን፣ ከመካከላችን ደብተሯን ተውሶ ያልገለበጠ ስለማይገኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቷ በአንድ የልብስ ስፌት ድርጅት ውስጥ በሰፊነት ተቀጥረው ከሰባት ዓመት በላይ ሠርተዋል። አባቷ በሕይወት የሉም። ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር አያቷ በድንገት ወድቀው ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ አለ። ሆስፒታል ተኝተው ነፍሳቸው ተረፈች፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚያገላብጣቸው፣ የሚያጥባቸውና የሚያጎርሳቸው ሰው ከሌለ ውለው ማደር የማይችሉ ሆኑ። እናቲቱ ሌሊት ተነሥተው፣ እናታቸውን አጥበው፣ ቁርስ አጉርሰው፣ መድኃኒታቸውን ሰጥተው፣ ጎረቤት «አደራ» ብለው ሲወጡ፣ መግቢያው ሁለት ሰዓት ሆኖ ሳለ አንዳንድ ቀን ሁለት ከሩብ፣ አንዳንድ ቀንም ሁለት ተኩል እየሆነባቸው መጣ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። አንድ ቀን ተቆጣጣሪው ጠራቸውና «እትዬ፣ እርስዎ ሠራተኛ ነዎት ወይስ አስታማሚ?» ብሎ ጠየቃቸው። «ሁለቱንም ነኝ ልጄ» አሉት። ሰውየው ክፉ ሰው አልነበረም። «እኔ የማውቀው የመግቢያውን ሰዓት ብቻ ነው» ብሎ አሰናበታቸው።

በዚያው ሳምንት ጓደኛችን ትምህርቷን አቋረጠች። እናቷ ከሥራ ቢባረሩ ቤቱ የሚበላው የለውም፤ አያቷ ብቻቸውን ቢውሉ በሕይወት አይቆዩም፤ ስለዚህ ከሦስቱ ሴቶች ደመወዝ የማታመጣው እርሷ ስለሆነች እርሷ ቀረች። የእናቲቱ ሥራ ተረፈ፣ የአያቲቱም ነፍስ ተረፈች፣ የልጅቱ ትምህርት ግን ቀረ። ድርጅቱ የዓመቱን ሒሳብ ሲዘጋ ይህ ኪሳራ በየትኛውም ዓምድ አልተጻፈም። እኛ ግን በየጠዋቱ የታክሲውን ሒሳብ ለአምስት ስንካፈል እናስታውሰዋለን።

ይህ የአንድ ቤት ታሪክ ነው የሚል ቢኖር፣ ገና ሳይነጋ ጦር ኃይሎች አካባቢ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን ይመልከት። አንዱ ምሳ ዕቃ አንጠልጥሎ ወደ አለርት፣ ሌላዋ ገንፎ በጨርቅ ጠቅልላ ወደ ጳውሎስ፣ ሌላው አንሶላ ታቅፎ ወደ ጥቁር አንበሳ ይሄዳል። በአገራችን ሆስፒታል ሐኪሙ ያዝዛል፣ ነርሷ መርፌ ትወጋለች፤ ማጠቡ፣ ማጉረሱ፣ ማገላበጡ፣ መድኃኒት ከውጭ ገዝቶ ማምጣቱ፣ ሌሊት ከአልጋ ሥር ቁጭ ብሎ ማደሩ ግን የቤተሰብ ድርሻ ነው። በሽተኛ አልጋ ሲይዝ ቀድሞ ከሚጠየቃቸው ነገሮች አንዱ «አስታማሚ አለህ ወይ?» የሚለው ነው። አለኝ ያለው ሰው አስታማሚ፣ ሲነጋ ፊቱን ተጣጥቦ ወደ ሥራው የሚሮጥ የአንድ አሠሪ ሠራተኛ ነው።

ሰፈራችንም ማስታመምን ከማንም ያነሰ አያውቅም። በዘነበ ወርቅ የሚገኘው አለርት በ1958 ዓ.ም. የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ ሲቋቋም፣ ከየአገሩ የመጡ ሕሙማንና ተከትለዋቸው የመጡ ቤተሰቦቻቸው በዙሪያው ሰፍረው ነበር። በዚያን ጊዜ ዓለም የሚሸሸውን በሽተኛ ያልሸሸ ሚስት፣ ልጅ ወይም ወንድም ነበረ። ከእነዚያ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ጋር አብረን ተምረናል። ስለዚህ ማስታመም ምን ማለት እንደሆነ ለኮልፌ ሰው አናስተምርም። ለአሠሪው ግን ልንነግረው የሚገባ ነገር አለ።

ለመሆኑ ሕጉ ምን ይላል? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 አንድ ሠራተኛ የትዳር ጓደኛው፣ ወላጁ፣ ልጁ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ የሚቆጠር የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመዱ ሲሞትበት የ3 የሥራ ቀን ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ይሰጠዋል። ሲያገባም 3 ቀን አለው። ሚስቱ ስትወልድ አባትየው እንዲሁ 3 ተከታታይ ቀን ያገኛል፤ ወላዲቱ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ታርፋለች። ሠራተኛው ራሱ ቢታመም ደግሞ እስከ ስድስት ወር ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ሁለቱ ወር በግማሽ ደመወዝ፣ የቀረው ሦስት ወር ያለ ደመወዝ።

እንግዲህ ለሰርግ ቀን አለ፣ ለመውለድ ቀን አለ፣ ለመቅበር ቀን አለ። እናቱ በሕይወት ኖራ አልጋ ለያዘችበት ሰው ግን የተለየ፣ ደመወዝ ያለው አንድም ቀን የለም። ያለው፣ ልዩና ከባድ ሁኔታ ሲያጋጥም የሚሰጥ እስከ 5 ተከታታይ ቀን የሚደርስ ፈቃድ ነው፤ እርሱም ያለ ደመወዝ ነው፤ በዓመትም ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። በሌላ አነጋገር ሠራተኛው እናቱን ለማዳን ሲሮጥ ከኪሱ ይከፍላል፤ እናቱ ስትሞት ግን ደመወዙ ይታሰብለታል። ዕድራችንም ቢሆን ከዚህ የተለየ ጠባይ የለውም። ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ገንዘቡም የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ከሞት በኋላ ነው። ቀብርን ማክበር መልካም ባህላችን ነው፤ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ለሟች ያሳየነውን አክብሮት ለበሽተኛው ጥቂት ቀደም አድርገን ብናሳየው ምን ይጎዳል?

ነገሩን በቁጥር እንየው። አንድ ሠራተኛ በሥራ በገባ በመጀመሪያው ዓመት የሚያገኘው የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርለታል። ይህ ሠራተኛ በሳምንት ሁለት ቀን የኩላሊት እጥበት የሚደረግለት አባት አለው እንበል። በዓመት 104 ቀን ማድረስና መመለስ አለበት። የዓመት ፈቃዱን ቀን በቀን ቢቆርሰው፣ ያውም አሠሪው እንዲህ እንዲቆርሰው ከፈቀደለት፣ በስምንት ሳምንት ያልቃል። ያ 5 ቀን ደግሞ ተከታታይ ስለሆነ፣ ማክሰኞና ዓርብ ለሚመላለስ ሰው አይመቸውም። ከስምንት ሳምንት በኋላ ያለው 44 ሳምንት እንዴት ይታለፋል? በልመና፣ በውሸት፣ ወይም ልጅን ከትምህርት ቤት በማስቀረት ነው። «አጎቴ ሞተ» እያለ አንዱን አጎቱን ሦስት ጊዜ የቀበረ ሠራተኛ ሲነገርለት ሰምተን ስቀናል። ያ ሰው የሚዋሸው ግን ሕጉ ለሞተ እንጂ ለታመመ ፈቃድ ስለማይሰጠው ሊሆን እንደሚችል አስበን አናውቅም።

የሚገርመው፣ ይኸው ሕግ በሌላ በኩል ማስታመምን ግዴታ አድርጎታል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በወላጆችና በልጆች፣ በወንድሞችና በእኅቶች መካከል ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለ ይደነግጋል፤ ቀለብ ሲልም እንጀራ ብቻ ማለቱ አይደለም፣ መጠለያና ጤናም በውስጡ አለበት። አንዱ ሕግ «እናትህን ጠብቅ» ሲል ሌላው ሕግ «ሁለት ሰዓት ላይ ግባ» ይላል። ሁለቱንም ትእዛዝ በአንድ ጊዜ መፈጸም ያልቻለ ሰው ጥፋተኛ የሚሆነው በየትኛው ነው?

ሌላም የተረሳ ነገር አለ። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 የቤተሰብ ኃላፊነት ስላለባቸው ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 156ን አውጥቷል። አገራችን ይህን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1991 አጽድቃዋለች። ስምምነቱ ልጅን ብቻ ሳይሆን እንክብካቤ የሚሹ ሌሎች የቅርብ ቤተሰቦችን ይጨምራል፤ የቤተሰብ ኃላፊነት በራሱ ሠራተኛን ለማሰናበት ምክንያት ሊሆን እንደማይችልም ይናገራል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9 ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ብሏል። የአሠሪና ሠራተኛው አዋጅም ራሱ፣ የቤተሰብ ኃላፊነት የሥራ ውል ለማቋረጥ በቂ ምክንያት ከማይሆኑት ነገሮች መካከል ቆጥሮታል። ታዲያ መብቱ በወረቀት ካለ ምን ጎደለ? የጎደለው በየሥራ ቦታው የሚፈጸምበት መንገድ ነው። «የቤተሰብ ኃላፊነት ስላለብሽ አባርሬሻለሁ» ብሎ የሚጽፍ አሠሪ የለም። የሚጻፈው «በማርፈድ» ተብሎ ነው። አዋጁ ደግሞ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያረፈደን ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ማሰናበት ይፈቅዳል። በሽተኛ ላለበት ቤት ስምንት ጊዜ የአንድ ወር ነገር ነው።

ወደ ሌላው ዓለም ብንመለከት፣ በስዊድን ልጁ የታመመበት ወላጅ በዓመት ለአንድ ልጅ እስከ 120 ቀን ከሥራ ቀርቶ አብዛኛውን ገቢውን ከማኅበራዊ ዋስትናው ያገኛል። በጃፓን እንክብካቤ ለሚያስፈልገው ለአንድ የቤተሰብ አባል እስከ 93 ቀን የሚደርስ፣ በሦስት ሊከፈል የሚችል ፈቃድ አለ። «እነዚያ ሀብታሞች ናቸው» የሚል አይጠፋም። ስለዚህ ወደ አፍሪካችን እንመለስ። ኔልሰን ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 እዚሁ ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና እንደወሰደ የሰፈራችን ሽማግሌዎች በኩራት ይነግሩናል። ያ ሰው ፕሬዚዳንት በሆነበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1997፣ ደቡብ አፍሪካ ባወጣችው የሥራ ሁኔታዎች ሕግ ውስጥ የቤተሰብ ኃላፊነት ፈቃድ የሚባል ነገር ገባ። ልጁ የታመመበት ሠራተኛ ከዚህ ፈቃድ በዓመት 3 ቀን ከደመወዝ ጋር መጠቀም ይችላል። ሦስት ቀን ብዙ አይደለም፤ ፈቃዱም ለታመመ ወላጅ አይደርስም። ቢሆንም ሕጉ ሰው ሳይሞት በፊት የቤተሰብን ችግር አይቷል። እኛስ ከዚያ ምን ያግደናል?

አሠሪውንም በሚገባ ልናዳምጠው ይገባል። በሰፈራችን ያለው አሠሪ ሁሉ ባለ ፎቅ አይደለም። አሥር አሥራ ሁለት ሰው ቀጥሮ፣ በኪራይ ሼድ፣ በብድር ገንዘብ የሚሠራ ብዙ ነው። ከአሥራ ሁለት ሰፊዎች ሦስቱ በአንድ ቀን ቢቀሩ የተቀበለው ትእዛዝ ይዘገያል፤ ትእዛዝ ከዘገየ ደንበኛው ይሄዳል፤ ደንበኛ ከሄደ ሠራተኛውም የሚበላው የለም። ይህ እውነት ነው፤ በመፈክር አይመለስም።

ነገር ግን አሠሪው ይህን ኪሳራ የሚያስበው በአንድ በኩል ብቻ ነው። ሰባት ዓመት የሠራች ሰፊ ብትሄድ፣ በምትኳ የሚቀጠረው ሰው እጁ እስኪፍታታ ድረስ የሚበላሸው ጨርቅ፣ የሚሰበረው መርፌ፣ የሚመለሰው ልብስ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ልቧ ቤት ያለ ሠራተኛ መኪና ላይ ተቀምጣ የምታበላሸውም አይቆጠርም። ያለ ማስታወቂያ የሚቀር ሠራተኛ ሥራ ያስተጓጉላል፤ ነገ እንደሚቀር ዛሬ የተናገረ ሠራተኛ ግን ተተኪ ይፈለግለታል። ሠራተኛው የማይናገረው ደግሞ ቢናገር እንደሚጠላ ስለሚያውቅ ነው። ስለዚህ የአሠሪውም ጥቅም የሚጀምረው ሠራተኛው ሳይፈራ በሚናገርበት ቦታ ነው።

በበኩላችን፣ ገንዘብ ከማያስወጣው ጀምረን አሠሪዎች ዛሬውኑ ሊያደርጉት ይችላሉ የምንለውን እንዘርዝር።

አንደኛ፣ ጠይቆ መመዝገብ ነው። ሠራተኛ ሲቀጠር የዘመድ ስልክ እንደሚጻፍ ሁሉ፣ የሚያስታምመው ሰው እንዳለ ይጻፍ። ይህ መዝገብ ሠራተኛውን ለመርዳት እንጂ ለመቀነስ አይዋል። አዋጁ ሠራተኛ ሲቀነስ ችሎታና የሥራ ውጤት እኩል ከሆነ ጥቂት ጥገኛ ያለው ቀድሞ እንዲቀነስ የሚያዝዝ ሐሳብ አለው፤ ጥገኛ የበዛበትን መጠበቅ እንግዲህ ለሕጉ እንግዳ ነገር አይደለም።

ሁለተኛ፣ ሰዓትን ማለዋወጥ ነው። አስታማሚ የሚያስፈልገው ብዙ ጊዜ ሙሉ ቀን ሳይሆን አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ነው። ሁለት ሰዓት መግባት የማይችል ሦስት ሰዓት ገብቶ ማታ አንድ ሰዓት አርፍዶ ቢወጣ፣ በቀን 8 ሰዓቱ አልጎደለም። ሁለት ሠራተኞች ፈረቃ ቢቀያየሩ አሠሪው ምንም አላጣም። የዓመት ፈቃድም በግማሽ ቀን እየተቆረሰ ቢሰጥ፣ ያ 16 ቀን 32 ግማሽ ቀን ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ስልክ ነው። በአንዳንድ የስፌት ቤት የሠራተኛ ስልክ በር ላይ ይሰበሰባል። ሥራ እንዳይስተጓጎል መሆኑ ይገባናል። ነገር ግን ቤቷ በሽተኛ ያለባት ሴት ቀኑን ሙሉ በሥጋት ከምትውል፣ የቢሮው ስልክ ቁጥር ለጎረቤቷ ይሰጥላት። ክፉ ነገር ከሌለ አይደወልም፤ እርሷም አርፋ ትሠራለች።

አራተኛ፣ የማርፈዱ ጉዳይ ነው። አዋጁ ስለ ማርፈድ ሲናገር ምክንያቱ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በሥራ ውል ተቀባይነት ካገኘ ማርፈዱ እንደ ጥፋት አይቆጠርም የሚል በር ትቷል። ይህን በር ብዙ ሠራተኛ አያውቀውም፤ ብዙ አሠሪም አላየውም። ፓርላማ አዲስ ሕግ እስኪያወጣ መጠበቅ አያስፈልግም። «የታመመ ቤተሰብ የሚያስታምም ሠራተኛ አስቀድሞ ካሳወቀ፣ እስከዚህ ድረስ ቢያረፍድ ሰዓቱን ይተካል እንጂ ማስጠንቀቂያ አይሰጠውም» የሚል አንድ መስመር በሥራ ደንቡ ላይ ቢጨመር፣ የጓደኛችን እናት ያ ወረቀት አይደርሳቸውም ነበር።

አምስተኛ፣ ጥቂት የሚከፈልባቸው ቀናት ናቸው። አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ሠራተኞች ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ፤ ማኅበር ካለ የኅብረት ስምምነት አለ፤ የኅብረት ስምምነት ደግሞ ከአዋጁ የተሻለ መብት መስጠት ይችላል። በዓመት 5 የማስታመሚያ ቀን ቢጠየቅ የተጋነነ አይደለም። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንና አባል ማኅበራቱ ለደመወዝ ጭማሪ በሚከራከሩበት ጠረጴዛ ላይ ይህንም ቢያኖሩት መልካም ነው።

ስድስተኛ፣ የጋራ ሣጥን ነው። ዕድርን ከዘመናት በፊት ያቋቋመ ሕዝብ ይህ አያቅተውም። 40 ሠራተኛ በወር 20 ብር ቢያዋጣ በወር 800፣ በዓመት 9,600 ብር ይሆናል። አሠሪው ያንኑ ያህል ቢጨምር 19,200 ብር ነው። ይህ ገንዘብ ሀብታም አያደርግም፤ ነገር ግን ያለ ደመወዝ አምስት ቀን ለቀረ ሰው የቤቱን እንጀራ ይሸፍናል። ለግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ሠራተኛው ከደመወዙ 7፣ አሠሪው 11 ከመቶ እያዋጡ ነው። ለእርጅና አብሮ ማዋጣት ከተቻለ ለሕመምም ይቻላል።

ሰባተኛ፣ የሕፃናት ማቆያ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። በአንድ ግቢ ውስጥ ያሉ ትንንሽ ድርጅቶች አንዱ ብቻውን ባይችል፣ አምስትና ስድስት ሆነው አንድ ክፍል ቢከራዩና አንዲት ሞግዚት ቢቀጥሩ፣ እናቶች ልጃቸውን በየጎረቤቱ አይጥሉም።

«ይህ ሁሉ ከሆነ ማን ይሠራል? ሁሉም እናቴ ታመመች እያለ ይቀራል» የሚል ክርክር እንደሚነሣ እናውቃለን። አታላይ የሌለበት መብት የለም። ነገር ግን የሆስፒታሉ ወረቀትና የጤና ጣቢያው ካርድ አለ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በአንድ ሰፈር የሚኖሩ ሠራተኞች የማን እናት አልጋ ላይ እንዳለች፣ የማን እናት ገበያ እንደምትውል ከአሠሪው ይልቅ ያውቃሉ። ሣጥኑ የራሳቸው ከሆነ አታላዩን ራሳቸው ይይዙታል። ዕድር ለሐሰተኛ ለቅሶ ገንዘብ አያወጣም።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን እንመለስ፤ በሌላው ላይ ጣት ቀስሮ መቅረት ከተማረ ሰው አይጠበቅምና።

አሠሪ ማለት ባለ ፋብሪካ ብቻ አይደለም። ከመካከላችን በየቤታችን የቤት ሠራተኛ ያለችን አለን። አያታችንን የምታጥበው፣ ታናሽ ወንድማችንን የምታበላው እርሷ ናት። የእርሷ እናት በገጠር ስትታመም ምን እናደርጋለን? የአሠሪና ሠራተኛው አዋጅ እርሷን አይጨምርም፤ ጉዳይዋ ለ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የተተወ ነው። የመግቢያ ሰዓት የላትም፣ የመውጫም ሰዓት የላትም። «እናቴን ጠይቄ ልምጣ» ስትል «በዓሉ ይለፍ» ያልናት ስንት ጊዜ ነው? ስለ ተቆጣጣሪው ከመናገራችን በፊት ይህን እንጠይቅ።

ወንዶቹስ? የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት፣ ያለ ክፍያ ከሚሠራው የእንክብካቤ ሥራ 76.2 ከመቶው በሴቶች እንደሚሠራ ገልጿል። በእኛም ሰፈር ያው ነው። ጓደኛችን ሁለት ወንድሞች አሏት። አንዱ ከእርሷ ይበልጣል፣ ሥራም አልነበረውም። ትምህርት ያቋረጠችው ግን እርሷ ናት፤ «እርሱ ወንድ ነው፣ አያቱን እንዴት ያጥባል?» ተባለ። እኛም ከመካከላችን ወንዶች የሆንነው ይህን ስንሰማ ትክክል መስሎን ዝም ብለናል። ዝምታችን ነውር እንደነበረ ዛሬ እንጽፋለን። አባት ለወሊድ የሚያገኘው ፈቃድ በአንዱ አዋጅ 3፣ በ2010ሩ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 10 ቀን መሆኑ ሲነገረን «ወንድ ቤት ቁጭ ብሎ ምን ይሠራል?» ብለን የሳቅን ነን። የሚሠራውን የማያውቅ ስላልተማረው ነው፤ የማጥባትን ያህል ካልሆነ በቀር ሌላው ሁሉ ይለመዳል።

በመጨረሻም ለተማሪዎች ማኅበራችን ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ የሕግ ተማሪዎች በሚመጣው ክረምት ቡድን አቋቁመው በኮልፌ ወደሚገኙት የስፌት ቤቶች፣ ዳቦ ቤቶችና የብረታ ብረት ሥራ ቤቶች እየሄዱ፣ ለአሠሪውም ለሠራተኛውም አዋጁን በአማርኛ ያንብቡላቸው፤ የሥራ ደንብ ለሌላቸው ደንብ ያርቅቁላቸው። ከላይ የጠቀስነው አንድ መስመር በዚያ ደንብ ውስጥ ይግባ። ለዚህ ወረቀትና የታክሲ ገንዘብ እንጂ ሌላ በጀት አያስፈልግም። ሁለተኛ፣ በምግብ ቤታችን ወጥ የሚሠሩልንና መኝታ ቤት የሚጠርጉልን እናቶች ከመካከላቸው የሚያስታምም ያለ እንደሆነ ማኅበሩ ቀርቦ ይጠይቅ፤ ጥያቄያቸውንም ለአስተዳደሩ ያድርስ። ስለ ወጡ ቅጥነት የምንጮኸውን ያህል ወጡን ስለሚሠሩት ሰዎችም ብንጮህ ያምርብናል። ሦስተኛ፣ በማስታመም ምክንያት ትምህርቱን ያቋረጠ ተማሪ፣ ችግሩ ሲቃለል ያለ ብዙ ውጣ ውረድ ወደ ክፍሉ የሚመለስበት መንገድ እንዲበጅ ማኅበሩ ይከራከር።

ይህን ጽሑፍ ከመስጠታችን በፊት ወደ ጓደኛችን ቤት ሄደን አነበብንላት። አያቷ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ቀኝ እጃቸውን ትንሽ ማንሣት ጀምረዋል። እናቷ ሥራ ላይ ናቸው። ስሟ እንዳይጻፍ ለመነችን፤ አልጻፍነውም። በደረጃ በደረጃ የቆጠርናቸውን ሐሳቦች ሰምታ «ሰዓት መለዋወጡ ብቻ ቢኖር እኔ አልቀርም ነበር» አለችን። ሰባት ነገር ጠይቀናል፤ ለእርሷ አንዱ ይበቃት ነበር። እንግዲህ አሠሪዎች ሰባቱንም ባይችሉ፣ በአንዱ ይጀምሩ። የዘንድሮውን ደብተራችንን ትተንላት መጥተናል፤ ስትመለስ ከክፍሏ እንዳትዘገይ።